ሆድ ሲረበሽ፣ ልብ ሲጨነቅ፦ ከዘር፣ ከአንጀትና ከጫና ጋር የአራት ሳምንት ሥራ

እናቴ ሲጨንቃት «ጨጓራዬ ተነሣ» ትላለች። ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው ናቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር «ጭንቀት ይዞኛል» ብሎ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ብዙ አላየሁም። «ሆዴን አሞኛል» ብሎ የሄደው ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

ሰዎቹ አልተሳሳቱም። ቋንቋችን ነገሩን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። ስናዝን ሆዳችን ይባባል። ሲከፋን ሆድ ይብሰናል። አንድ ነገር ሲያሰጋን ሆዳችን ይፈራል። ቶሎ የሚከፋውን ሰው ሆደ ባሻ፣ ታጋሹን ሆደ ሰፊ እንላለን። አንጀትና አንጎል ቀን ከሌት እንደሚነጋገሩ ሳይንሱ የደረሰበት በቅርብ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሆድን ብቻ አክመን ጭንቀቱን ስንተወው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ደርሶብኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እነቃ ነበር። ደረቴ ሥር ያቃጥለኛል። ጠዋት ምግብ አይወርድልኝም። አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኝ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ የለም። በኋላ ሌላ ቦታ ያገኘኋት ነርስ ገና ሳልቀመጥ «እንቅልፍስ እንዴት ነው? ቤት ሰላም ነው?» አለችኝ። ነገሩ መቀየር የጀመረው ከዚያች ቀን ነው። ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው ከዚህ በታች የጻፍኩት።

መጀመሪያ ዘሩን፣ አፈሩንና ውርጩን እንወቅ

የመንዝ ገበሬ ገብሱ ሲበላሽበት አንዱን ነገር ብቻ አይወቅስም። ዘሩ ምን ዓይነት እንደነበር ያስባል። አፈሩን ያያል። ውርጩ የወረደው መቼ እንደሆነ ያስታውሳል። ስሜታችንንም እንዲሁ ብናየው ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

ዘሩ ከእናትና ከአባት የወረስነው ዘረመል ነው። በተመሳሳይ መንትዮችና በተራ መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ። በድብርት ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 37 በመቶ ገደማውን ከውርስ ጋር ያያይዙታል። በጭንቀት ሕመሞች ደግሞ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ይህ ማለት «ከጭንቀቴ 40 በመቶው ከአባቴ የመጣ ነው» ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ ስለ አንድ ሰው አይደለም። ደግሞም «የጭንቀት ጂን» (ጂን ማለት አንዷ የዘረመል ቅንጣት) የሚባል አንድ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሴሮቶኒን የሚባለውን፣ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር የሚያመላልስ አንድ ጂን ከጫና ጋር ሲገናኝ ድብርትን ያመጣል ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። በ2019 በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች መረጃ ሲፈተሽ ግን አልቆመም። አሁን የምናውቀው ብዙ፣ በጣም ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ እንደሚገፉ ነው። ዘሩ ውርጭ የሚፈራ ሊሆን ይችላል። ውርጭ የሚፈራ ዘር ግን በደህና አፈር፣ በደህና ዓመት ያፈራል።

አፈሩ አንጀት ነው። አንጀታችን ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉ። ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭም አለ። የሚገርመው ከዚህ ነርቭ ክሮች 80 በመቶ ያህሉ መልእክት የሚወስዱት ከሰውነት ወደ አንጎል ነው። ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ይመስለናል እንጂ ሆድ ነው አብዝቶ የሚናገረው። ሰውነታችን ከሚሠራው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማውም የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተዛባ ወሬ ላርም። ያ ሴሮቶኒን ተነሥቶ አንጎል አይገባም። ወደ አንጎል እንዳያልፍ የሚያግድ አጥር አለ። አንጀት አንጎል ላይ የሚሠራው በነርቭ፣ በሰውነት መከላከያና ውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በሚያመርቷቸው ንጥረ ነገሮች በኩል ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀላል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ ምንም ባክቴሪያ የሌለባቸው አይጦች አሳድገው ጫና አሳዩአቸው። የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ አይጦች ይልቅ እጅግ ዘለለ። በልጅነታቸው አንድ ዓይነት ጠቃሚ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን ረገበ። እርግጥ አይጥ ሰው አይደለም። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና እያደገ ያለ ነው። ስለዚህ «ይህን ባክቴሪያ ዋጡና ጭንቀት ይጠፋል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ውርጩ ጫና ነው። ስንደነግጥ አንጎል ከኩላሊት በላይ ላሉት ትንንሽ ዕጢዎች ትእዛዝ ይልካል። መጀመሪያ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል። ቀጥሎ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይመጣል። ጅብ ሲያባርረን ይህ ሁሉ ያድነናል። ችግሩ ጅቡ ወር ሙሉ ደጃችን ሲቆም ነው። የጨጓራ እንቅስቃሴ ይዘገያል። ትልቁ አንጀት በተቃራኒው ይቻኮላል። ለዚህ ነው ሲጨንቀን ምግብ አልወርድ እያለን፣ በዚያው ቀን ደግሞ ሽንት ቤት የምንመላለሰው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

1. አስቸኳዩን ለዩ

ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ከሆነ፣ ወይም ቤታችሁ ያለ ሰው እንዲህ ካለ፣ የአራት ሳምንቱን ሥራ አሁን ተዉት። ሰውየው ብቻውን አይደር። የፀረ ተባይ ኬሚካልና መሣሪያ ከቤት ይውጣ። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። «እንዲህ ያለ ሐሳብ አለህ ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። እንዲያውም ብዙ ሰው ጠያቂ ሲያገኝ ይቀለዋል።

ከሆድ በኩል ደግሞ ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ለመዋጥ መቸገር ካለ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትለፉት። ቶሎ ታዩ።

2. ደብተር ያዙ

የልጆቻችሁ ያለቀ ደብተር ጀርባ ይበቃል። ማታ ማታ አምስት ነገር ጻፉ፦ የጭንቀቱን መጠን ከ0 እስከ 10፣ ሆድ እንዴት እንደዋለ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ስንት ስኒ ቡና እንደጠጣችሁ፣ በቀኑ ውስጥ ከባዱ ነገር ምን እንደነበር። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ለሁለት ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ጻፉ።

እኔ ስጽፍ ያየሁት ነገር ሐሙስ ሐሙስ እንደሚብስብኝ ነው። ሐሙስ ገበያ አለ፤ ቁርስ ሳልበላ እወጣለሁ፤ ሦስት ቦታ ቡና እጠጣለሁ። ደብተሩ ባይኖር በሕይወቴ አላስተውለውም ነበር።

3. ዘር ቁጠሩ

እኛ ዘር መቁጠር አያቅተንም። ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ያንኑ ሙያ ለጤና አውሉት። ሦስት ትውልድ ይበቃል፤ እናንተ፣ ወላጆች ከነእህት ወንድሞቻቸው፣ አያቶች።

አጠያየቁ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አያትን «ከዘራችን የአእምሮ ሕመምተኛ ነበረ?» ብሎ መጠየቅ በሩን መዝጋት ነው። ያፍራሉ፤ ይቆጣሉም። እኔ ቀዝቀዝ ባለ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ አያቴን የጠየቅኳቸው እንዲህ ነበር።

«እማማ፣ ከቤታችን እንቅልፍ እምቢ የሚለው ማን ነበር?»

ትንሽ ዝም አሉ። «አባትህ ነዋ» አሉኝ። «እሱ እኮ ዝናብ በዘገየ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ሲመላለስ ነው የሚያድረው። እህል አይበላም። የእኔም እናት እንዲያው ነበረች፤ ሆዷን ይዛ ነበር የምትኖረው፤ ነፍሷን ይማር።»

ከዚያ በኋላ እንዲህ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ጨመርኩ፦ ከሰው ተለይቶ ዝም ያለ ነበር? መጠጥ ያበዛ? ከወለደች በኋላ የከፋት? ጸበል ቦታ ብዙ የሰነበተ? እንቅርት የነበረባት? መልሱን በቀስታ ጻፉት። የምታገኙት ነገር ፍርድ አይደለም። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ለባለሙያው ስትነግሩት ሥራውን ያቀልለታል። በተለይ ከቤተሰብ ውስጥ አንድ ጊዜ እጅግ የሚፈነድቅ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አልጋ የሚይዝ ሰው ከነበረ መናገር አለባችሁ፤ የመድኃኒቱን ምርጫ ይቀይራል። ሁለተኛ፣ ራሳችሁን መውቀስ ይቀንሳል። እኔ የአባቴን ሌሊት ስሰማ «ፈሪ ሆኜ ነው» የሚለው ነገር ለቀቀኝ።

ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ የጂን ምርመራ አትፈልጉ። ትጨነቃላችሁ ወይም አትጨነቁም ብሎ የሚነግራችሁ ምርመራ የለም።

4. ጭንቀት የሚመስሉ ሕመሞችን አስመርምሩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት።

የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሲቀንስ ደግሞ ሰውነት ይከብዳል፣ ስሜት ይወርዳል፣ ሆድ ይደርቃል። በደጋ አገራችን እንቅርት የቆየ ችግር ነው። ኢትዮጵያ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስለዚህ አዮዲን የገባበትን ጨው ግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። አንገታችሁ ላይ እብጠት ካለ ግን ጨው አያድነውም፤ ታዩ።

የደም ማነስ ድካምና የልብ ትርታ ያመጣል። ጃርዲያና አሜባ ሆድን ይነፋሉ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ አገራችን ውስጥ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ሲገኝ ከአንድ በላይ መድኃኒት በአንድ ላይ ለ10 ወይም ለ14 ቀን ይታዘዛል። ከብት ያለው፣ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት የሚተላለፍ ሕመም ያስብ። ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለወራት የማይለቅ ድካምና የወረደ ስሜት ሊያመጣ ይችላል።

ሳትመረመሩ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትዋጡ። ጠላቱን ባክቴሪያ ሳያገኝ ወዳጁን ይጨርሰዋል። ሲታዘዝላችሁ ደግሞ ሻል አለኝ ብላችሁ አታቋርጡ።

5. አፈሩን መግቡ

ሁለቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ከዚህ ጀምሩ። ደስ የሚለኝ ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው እጃችን ላይ አለ።

አውስትራሊያ ውስጥ ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ ነበር። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት አመጋገባቸውን ቀየሩ፤ ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣ፣ ጥሩ ዘይት። ግማሾቹ ደግሞ የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ተመደበላቸው። ምግባቸውን ከቀየሩት 32 በመቶው ከድብርቱ ወጡ። ከሌሎቹ 8 በመቶው ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ግን ዝርዝሩን ሳነብ አብዛኛው ነገር የእኛ ጎተራ ውስጥ እንዳለ አየሁ።

በደንብ የማይፈጨውን አሰር ያለውን ምግብ ባክቴሪያዎቹ ይበሉታል። በልተውም የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ አሲድ ያመርታሉ። ገብስ በዚህ የታወቀ ነው። ቁርስ ላይ ቂንጬ ወይም በሶ ብሉ። በሶውን በስኳር ሳይሆን በትንሽ ማር ወይም በጨው ጨብጡት። ከሥራ መሐል ብስኩት ከመግዛት የገብስና የባቄላ ቆሎ ያዙ። ሽሮ፣ ክክ፣ አዚፋ፣ ጎመን ይደጋገሙ። ዋናው ነገር ቀስ ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ባቄላውን ብታበዙት ሆድ ይነፋል፤ «አልተስማማኝም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። በየሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ተልባም ከጨመራችሁ ውኃ አብዙበት።

የቦካ ምግብ ደግሞ አለ። አሜሪካ ውስጥ 36 ጤነኞች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ነበር። ለ10 ሳምንት የቦካ ምግብ የበሉት ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት በዛ፤ የሰውነት ብግነት ምልክቶቻቸውም ቀነሱ። ታዲያ እንጀራችን የቦካ አይደለም ወይ? ነው። ግን ምጣዱ ላይ ባክቴሪያው ይሞታል። እንጀራ ሌላ ጥቅም አለው፤ መቡካቱ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ያግዛል። ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የሚገኘው ከቦካ በኋላ እሳት ካልነካው ምግብ ነው። እርጎና ስልጆ ማለት ነው።

ስልጆን አዲሱ ትውልድ እየረሳው ነው፤ ያሳዝነኛል። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ ይቀዘቅዛል። ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ከቀድሞው ስልጆም ጥቂት ይጨመርና ለቀናት ይቦካል። የሚቦካው ከበሰለ በኋላ ስለሆነ ሲበላ ሕያው ነው። የጾም ነው። በማንኪያ እየቆነጠሩ ከእንጀራ ጋር መብላት ይበቃል። ጨጓራችሁ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ሰናፍጩ ሊያስቸግራችሁ ስለሚችል በትንሹ ሞክሩ።

እርጎን በተመለከተ ጥሬ ወተት አታርጉ። እንዲህ አድርጉ፦ ወተቱን ገንፈል እስኪል አፍሉት። ትንሿ ጣታችሁ ሳትቃጠል እስክትችለው አቀዝቅዙት። ከደህና እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምራችሁ አማስሉ። በወይራ የታጠነ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ክደኑት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ እርጎ አያስይዝም። ስለዚህ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልላችሁ ምድጃ አጠገብ አሳድሩት። ሸዋ ሮቢት ላይ የምትኖሩ ጋቢ አያስፈልጋችሁም፤ ሙቀቱ ይበቃል። በቀን አንድ ስኒ ይበቃል።

ስለ ጾም ሰው ሁሌ ይጠይቀኛል። የጾም ምግብ ለአንጀት ጥሩ ነው፤ ጥራጥሬና ጎመን ነውና። የሚያስቸግረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ሆኖ በመጀመሪያ የሚገባው ነገር ጠንካራ ቡና ሲሆን ነው። ለሚጨነቅ ሰው ልብ ያስመታል። ስትፈቱ መጀመሪያ አጥሚት ወይም በሶ ቅመሱ፤ ቡናው ይቆይ። የታዘዘ መድኃኒት ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና እመጫቶች፣ ከባድ ድብርት የያዛችሁ ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የታመመ ሰው እንዲበላ የሚፈቅዱ አባቶች ናቸው።

አረቄ? አገራችን በአረቄ ትታወቃለች፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፍም። መጀመሪያ ያረጋጋል። እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል። ሌሊቱ እኩል ሲሆን ግን እንቅልፉን ይሰብረዋል፤ በማግስቱም ጭንቀቱ ብሶ ይመጣል። ያንን ለማርገብ እንደገና ይጠጣል። ስንት ደግ ሰው በዚህ ዑደት ሲያልቅ አይቻለሁ። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ በአንድ ጊዜ አታቁሙ፤ መንቀጥቀጥና አደገኛ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል በባለሙያ እጅ ይሁን። ጫትም እንዲሁ ነው፤ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይወስዳል፤ ምርቃናው ሲወርድ ስሜትን ይዞ ይወርዳል።

6. ቡናውን አሳጥሩ፣ ማኅበሩን አትልቀቁ

በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማታ ስትተኙም አብሯችሁ አለ። አቦል ጠጡና ቶናና በረካውን በጦስኝ ሻይ ተኩ። ጦስኝ ጋራችን ሞልቶታል። በአንድ ቀን አትቁረጡት፤ ራስ ያማል። በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንሱ። ከቡናው ሥርዓት ግን አትቅሩ። ሰው መሐል መቀመጡ ራሱ መድኃኒት ነው።

7. ትንፋሽን አዝግሙ

ልብን እንደፈለግን ማዘዝ አንችልም። ትንፋሽን ግን እንችላለን፤ ልብም ይከተለዋል። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፤ ሆድ ይነሣ እንጂ ትከሻ አይነሣ። እስከ 6 እየቆጠራችሁ አውጡ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ሲጨንቃችሁ ብቻ ሳይሆን ደህና ስትሆኑም ተለማመዱት፤ አለበለዚያ በጭንቅ ሰዓት አይመጣላችሁም።

መቁጠር የሚያስጠላው ሰው በጸሎት ያድርገው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያን ውስጥ በተደረገ ጥናት በዝግታ የሚደጋገም ጸሎት የሰውን ትንፋሽ ወደ ስድስት ዝቅ እንደሚያደርግ ታይቷል። «እግዚኦ ተሠሃለነ»ን በእርጋታ የሚደጋግም፣ ወይም ዚክር የሚያደርግ ሰው ሳያውቀው ሲሠራው የኖረው ነው።

በተጨማሪ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ቢሆን ይመረጣል፤ ብርሃኑ የእንቅልፍን ሰዓት ያስተካክላል። የመኝታ ሰዓት ቢዛነፍም የመነሻ ሰዓት አይዛነፍ። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር።

8. ሸክሙን ለዩ

አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል «በእጄ ያለ»፣ በሌላው «በእጄ የሌለ» በሉ። የጤፍ ዋጋ በእጃችሁ የለም። የልጁ ፈተና ውጤት የለም። የአገሩ ሰላም የለም። የተበደራችሁት ብር ግን ከፊሉ በእጃችሁ ነው፤ አበዳሪውን ነገ ማነጋገር ትችላላችሁ። «በእጄ ያለ» ከሚለው አንዱን ብቻ መርጣችሁ ነገ የምትሠሩትን አንድ ትንሽ እርምጃ ጻፉ። ለቀረው ሰዓት ስጡት፤ ለምሳሌ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ። ሌሊት ሲመጣባችሁ «ነገ 11 ሰዓት» በሉት። መጀመሪያ አይሰማችሁም። ሳምንት ሲሞላው መስማት ይጀምራል።

ከዚያ ለአንድ ሰው ተናገሩ። ለዕድር ሁሉ አይደለም፤ ለአንድ ለምታምኑት። ምክር የሚያበዛ ሳይሆን የሚሰማ ይሁን።

እዚህ ላይ ስለ ተፈናቀሉ ወገኖቻችን ልናገር። ከአጣዬም ሆነ ከሌላ ቦታ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ሰው ሞቶባቸው ደብረ ብርሃን የገቡ አሉ። ያዩት ነገር በሕልም የሚመለስባቸው፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር የሚደነግጡ፣ ያ ቦታ ሲነሣ ሰውነታቸው የሚርድ ከሆነ ትንፋሽና በሶ አይበቃም። ይህ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው። ደግሞም ለእነሱ ከሁሉ በፊት መጠለያ፣ ምግብና ደህንነት ይቀድማል። ጎረቤት የሆነ ሰው «አይዞሽ፣ እርሺው» ከማለት አብሯት ውኃ ቢቀዳ ይሻላል።

9. ካልተሻላችሁ ወደ ሕክምና

ከአራቱ ሳምንት በኋላ የደብተሩ ቁጥር ካልወረደ፣ ወይም ከዚያ በፊት ሥራና ቤት መምራት ካቃታችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከጤና ጣቢያው በላይ ከሆነ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ ከዚያም አዲስ አበባ አማኑኤል አለ። የንግግር ሕክምና አለ፤ ሐሳብን መፈተሽና ከሚፈሩት ነገር ጋር ቀስ በቀስ መላመድን ያስተምራል። መድኃኒትም አለ። መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም፤ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ሊያቅለሸልሽ ይችላል፤ ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥም እንደሚሠራ አስታውሱ። ሲሻላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት፤ የሚቀነሰው ከሐኪም ጋር በቀስታ ነው።

ጸበል የምትሄዱ ሂዱ። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ የስንቱን እንባ እንዳዩ እናውቃለን። ግን መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጸበሉን ስትጠጡ ክኒኑንም ዋጡ። መድኃኒቷን አቁማ ሄዳ በሁለተኛው ሳምንት ታስራ የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ። እንደዚያ መሆን አልነበረበትም። አስታማሚዎች፣ እባካችሁ በዚህ ላይ ጸንታችሁ ቁሙ።

ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ። የቤተሰቡን ዝርዝር፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ። ብዙ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ቃሉ ይጠፋበትና «ትንሽ ሆዴን» ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ንግግር ከቤት ጽፋችሁ ያዙ። የእኔ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሆዴን ያመኛል፤ ግን ሆዴን ብቻ አይደለም። አንድ ወር ሆነኝ ሌሊት እየነቃሁ ነው፤ ያለ ምክንያት እፈራለሁ፤ አባቴም እንዲህ ነበር። የጻፍኩት እዚህ አለ፤ እባክሽ እዪልኝ።»